ጋሽ ታረቀኝና የዳማ ሳጥን

በወገዳና በአካባቢዋ ለምትኖሩ ወዳጆቻቸው ሁሉ፤ ጋሽ ታረቀኝ ባለፈው ሳምንት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ከብት ሲያክሙ ኖረው በጡረታ የወጡ ሰው ስለነበሩ፣ ብዙዎቻችሁ ባዳኑላችሁ ላም ወይም በሬ ታስታውሷቸዋላችሁ። ጎረቤታቸው የነበርኩት እኔ መምህሩ ግን የማስታውሳቸው በአንድ የውሻ ሳጥን ነው። ሐዘኔም ከንዴት ጋር ተደባልቆብኛል፤ ልደብቀው አልችልም።

ሳጥኑን ከባሕር ዛፍ ጣውላ የሠሩት በገዛ እጃቸው ነው፤ ውሻቸው ዳማ ያኔ ገና ቡችላ ነበረች። እኛ ዘንድ ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ሲመሽ ይፈታል፤ በቃ። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀባቸው። እሳቸው ግን ቆማ እንድትዞር፣ ተዘርግታም እንድትተኛ በክንዳቸው እየለኩ አስፍተው ሠሩት። ጭድ አነጠፉበት። ምግቧን መጀመሪያ በሩ ላይ፣ ኋላም ወደ ውስጥ ገባ አድርገው አኖሩላት፤ በሩ ለብዙ ቀን አልተዘጋም። መዝጋት ሲጀምሩም አጠገቧ ተቀምጠው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ሳታለቅስ ከፍተው ወደ ደጅ ያወጧታል። በመጨረሻ ዳማ ሲደክማት በራሷ ፈቃድ እየገባች የምትተኛበት ቤቷ ሆነ።

እኛስ ምን አደረግን? ሳጥኑን ቀዳን፣ ነገሩን ተውነው! ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ ጫማ የበላባቸውን ውሻ ከጠዋት እስከ ማታ ቆልፈውበት ሲያበቁ «ይኸው ሳጥን አሠራሁለት፤ ጭራሽ ባሰበት እኮ!» ብለው ጋሽ ታረቀኝን ሊከሷቸው መጡ።

«እትዬ ሙሉ፣ መኝታ ቤትዎን እስር ቤት ቢያደርጉብዎት ተመልሰው ይገቡበታል?»

«ታዲያ በምን ልቅጣው?»

«በሳጥኑ አይቅጡት። ቤቱ ነው።»

ያን ዕለት የሚያማቸውን ጉልበት እየጎተቱ እትዬ ሙሉ ግቢ ድረስ ሄዱ፤ መሬት ላይ ተቀምጠው ከሰዓቱን ሙሉ ለዚያ ውሻ ቁራሽ ቂጣ ክፍቱ ሳጥን ውስጥ ሲወረውሩለት ዋሉ። በወሩ ውሻው እንደገና ተቆልፎበት ተገኘ። እንደገና ሄዱ። እኔ ተናድጄ «ጋሽዬ፣ አሁንስ ይተዉት፤ የሚሰማ የለም» ብላቸው «አንተ ተማሪዎችህ ማባዛት ሲያቅታቸው ትተዋቸዋለህ?» አሉኝ።

ሕመሙ ሲጠናባቸው አስጠሩኝ። የተናገሩት አጭር ነበር፤ «ዳማን ላንተ ትቻለሁ። እንዳትቆልፍባት፣ አደራ።»

የቀብራቸው ዕለት ድንኳኑ ተጥሎ ለቀስተኛው ሲጎርፍ፣ ዳማ በሰው መሐል እየተሯሯጠች ትጮህ ጀመር። «ኧረ ይችን ውሻ አንድ በሏት!» አሉ ከየአቅጣጫው። አንድ ያላት ሰው ሳጥኗ ውስጥ አስገብቶ በሩን በሽቦ አሰረው። ከቤተ ክርስቲያን መልስም እንግዳ ሲያስተናግድ ረሳት። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሲከፍትላት የበሩን ጣውላ ስትቧጥጥ ውላ ጥፍሯ ደምቶ ነበር። ውኃ እንኳ አላስቀመጠላትም።

እትዬ ሙሉን ስወቅስ የኖርኩት እኔ፣ አደራ የተቀበልኩት እኔ፣ ያ ሰው እኔ ነኝ።

ጋሽዬ፣ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ብዬ ራሴ ነገርኩዎ። ቢቆጡኝ በወደድኩ፤ ዝምታዎ ነው የከበደኝ። ሳጥኑን እኔ ግቢ አምጥቼ በሩን ነቅዬዋለሁ። ዳማ እስካሁን አልገባችም፤ ፊት ለፊቱ ትተኛለች። ቂጣዋን ደፉ ላይ አኖርላታለሁ፤ አንገቷን አስግጋ ታነሳና ወደ ኋላ ትሸሻለች። ሲያስተምሩን «ስንት ቀን ይፈጃል?» ብለን ስናሰለችዎ «እሷ እስክታምንህ ድረስ» ይሉን ነበር። እሺ ጋሽዬ፣ እጠብቃለሁ። እርስዎ በሰላም ይረፉ፤ እኔ ነገም ቂጣዋን ይዤ መሬት ላይ እቀመጣለሁ።