ታፔላው ሲከሳ

አባቴን የገደለው ስኳር ነው። መጀመሪያ የቀኝ እግሩን ጣት ወሰደ፣ ቀጥሎ እግሩን፣ በመጨረሻ ራሱን። ከሁሉ የማልረሳው ግን ነጠላ ጫማውን ነው። ጫማው ከእግሩ ወልቆ መንገድ ላይ ይቀራል፣ እሱ ሳያውቅ በባዶ እግሩ ይሄዳል። እኔ ከኋላ አንስቼ እየሮጥኩ «አባዬ፣ ጫማህ!» እለዋለሁ። ቆም ይልና እግሩን ያያል፣ የሌላ ሰው እግር የሚያይ ይመስል። ልጅ ስለነበርኩ ያስቀኝ ነበር።

እሱን ከቀበርን በኋላ እናቴ ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ቁርስ ቤት ከፈተች። ቤት ብዬ ስጠራው አፌ ለምዶት ነው እንጂ ቆርቆሮ ነው፤ ከፊት ለፊት ጠረጴዛዎቹ፣ ከኋላ ማድ ቤቱና እናቴ፣ እኔና ታናናሾቼ የምንተኛበት ክፍል። ፉል፣ ፍርፍር፣ እንቁላል፣ ጨጨብሳ፣ ሻይ። የሚበላው ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ ነው፤ አንድ ቀን በልቶ ይሄዳል፣ ስሙንም አናውቀው። ቤቱን ያቆሙት ሹፌሮቹ ናቸው። ሹፌር የተቀመጠበት ቤት ተሳፋሪው ተከትሎ ይገባል። ሹፌር ከሄደብህ አለቀልህ፣ ዝንብ ስታባርር ትውላለህ።

እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ የፈተናው ውጤት አልሆን ሲለኝ እዚያው ገባሁ። ሻይ አመላልሳለሁ፣ ሳህን አጥባለሁ፣ የተረፈውን ሁሉ እበላለሁ። ወፈርኩ። ዝም ብዬ ሞላ አልኩ ማለቴ አይደለም፣ ወፈርኩ ነው የምላችሁ። በጠረጴዛዎቹ መሀል ሳልፍ ሰው ወንበሩን ይስብልኝ ነበር። የደሴን መስመር የሚነዱ አንድ ሽማግሌ ሹፌር ነበሩ፣ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ነው የሚቀመጡት። «የዚህ ቤት ታፔላ አንቺ ነሽ፤ ምግቡ እንደሚስማማ በምን ይታወቃል? አንቺን በማየት!» ይሉኝ ነበር። እውነትም ሌላ ታፔላ አልነበረንም፤ ማጻፍ ሲታሰብ ሁልጊዜ ሌላ ነገር ይቀድማል። ረዳቶቹ ደግሞ፣ እነሱ አፋቸው አያርፍም፣ «ትርፍ ጭነሻል! ትራፊክ ሳያይሽ ግቢ!» እያሉ ይጮሁብኛል። እናቴ ትስቃለች። ደስ ይላታል። ልጇ የጠገበች ሴት ነበረቻ።

ከዚያ ውሃ ጥሙ መጣ። አንድ ጆግ ጠጥቼ ሌላ እቀዳለሁ። አንድ ቀን የሻይ ትሪ ይዤ ዓይኔ ጨለመና ወደቅሁ። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተሯ ጣቴን ወጋችና ማሽኑን አይታ ጠየቀችኝ።

«አባት እናት አሉ?»

«እናቴ አለች።»

«አባትሽስ?»

«ሞቷል።»

«በምን?»

«በዚሁ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንግዲያ ምን እነግርሻለሁ፣ አይተሽዋል። ገና ልጅ ነሽ፣ ክብደት ቀንሺ። ካልቀነስሽ የምሰጥሽ ክኒንም ብዙ አይረዳሽም። ተንቀሳቀሺ።»

«ቀኑን ሙሉ ሻይ ሳመላልስ ነው የምውለው እኮ።»

«እሱ አይቆጠርም» አለችኝ።

ሳይክሉን የሰጠኝ አጎቴ ነው፣ የእናቴ ወንድም፣ የቻይና ዕቃ የሚነግድ። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሳይክል አስመጥቶ አልሸጥ ብሎት ነበር። ሞተር የሚፈልግ ሰው ሞተር ይገዛል፣ ሳይክል የሚፈልግም ርካሹን ይገዛል፣ ይሄ ሁለቱንም አልሆነም። የቀረችውን አንዷን ከነላስቲኳ አመጣልኝ። ከፊት ቅርጫት አላት፣ ከመቀመጫው ሥር ድንጋይ የሚያክል ባትሪ ተሸክማለች፤ ፔዳልም አላት፣ ቁልፍም አላት። ቁልፉን ስታዞሪው ምንም አትጮህም፣ ዝም ብላ ትሄዳለች። «ለእግርሽ ትሆንሻለች» አለኝ። «መርገጥ ሲያቅትሽ ባትሪው ይረዳሻል።»

በላምበረት መንዳት ግን አይሞከርም። የሰፈር ልጆች ይከተሉኛል፣ ረዳቶቹ «ጎማው አለቀሰ!» ይላሉ። ስለዚህ እንጦጦን መረጥኩ። እዚያ የሚሮጡ ሯጮች አሉ፣ ሰው ላብ ሲያልበው ማንም ዞሮ አያይም፣ አየሩም ቀዝቃዛ ነው። የጠዋቱ አውቶቡሶች ወጥተው ግርግሩ ሲበርድ እነሳለሁ። በመገናኛ፣ በሾላ፣ በስድስት ኪሎ አድርጌ ሽሮ ሜዳ እደርሳለሁ። ከዚያ ዳገቱን ወደ ማርያም።

ጊዜው መብራት በፈረቃ የሚመጣበት ነው። ዛሬ እኛ ሰፈር አለ፣ ነገ የለም፤ አለ በተባለበት ቀንም ይጠፋል። ባትሪው ሞልቶ አያውቅም። ሽሮ ሜዳ ድረስ ያደርሰኝና ልክ ዳገቱ ሲጀመር ይሞታል። ያኔ ሳይክሉ ብረት ነው፤ ከተራ ሳይክል እጥፍ የሚከብድ ብረት፣ ከነድንጋዩ። እረግጣለሁ። አፌ ደም ደም ይለኛል። ጉልበቴ ሲያቅተኝ እየገፋሁ እሄዳለሁ፣ ባሕር ዛፍ ተደግፌ አስመልሳለሁ፣ እንደገና እረግጣለሁ። መብራቱን እሰድበው ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ያከሳኝ እሱ ነው። በየቀኑ ቢበራ ኖሮ እኔ ኮርቻው ላይ ተቀምጬ እሸራሸር ነበር።

እና ከሳሁ። መጀመሪያ ፊቴ፣ ከዚያ ክንዴ፣ ከዚያ ቀሚሶቹ ሁሉ እንደ ድንኳን ሆኑብኝ። ስኳሩ ወረደ። ሲስተሯ ማሽኑን አይታ «ጎበዝ! ጎበዝ!» ብላ ትከሻዬን መታች። በሕይወቴ ከዚያ በፊት ማን ጎበዝ እንዳለኝ አላስታውስም።

ሌላ ሰው ግን ጎበዝ አላለኝም። በዚያን ጊዜ የከሳ ሰው ምን እንደሚባል የነበራችሁ ታውቃላችሁ። ወሬው በሬዲዮ ነው፣ በትምህርት ቤት ነው፣ በለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ነው፤ ሰው ከከሳ ያ በሽታ ይዞታል። ስሙን እንኳ አይጠሩትም፣ «በሽታው» ነው የሚሉት። የሚታመሙትም ብዙዎቹ ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል ይወጣሉ፤ መንገዱ ላይ ቢጫ ጄሪካን የያዘ ሰው አይጠፋም። እኔ ደግሞ ከዚያው መንገድ ነው የምወርደው፤ ጸጉሬ በላብ ርሶ፣ የመጠጥ ውሃዬን በፕላስቲክ ይዤ።

ሽሮ ሜዳ የሚኖር አንድ ረዳት አየኝ። በማግስቱ ከማድ ቤት ሆኜ ሲያወራ ሰማሁት።

«ከማርያም ስትወርድ አየኋት ነው የምልህ። ጸጉሯ ርሷል፣ ፕላስቲክ ይዛለች።»

«እንዴ! እነሱ ጴንጤ አይደሉም እንዴ?»

«እሱን ነው የምልህ! ጴንጤን ጠበል ድረስ የሚያስኬዳት ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»

እውነት ነው፣ ጴንጤ ነን። እናቴ እሑድን በጸሎት ቤት ነው የምትውለው፣ ጠበል ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ለእነሱ ግን ማስረጃው ይሄው ሆነ። ትሪውን ይዤ ወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረግሁት።

«ሳይክል ነው የምነዳው! ስኳር አለብኝ፣ ለስኳሬ ነው!»

«ሳይክልሽ በመብራት አይደለም እንዴ የሚሄደው?» አለ ረዳቱ።

«በመብራት ነው፣ ግን...»

«ታዲያ አንቺን ምን አከሳሽ? መብራቱ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ዝም አሉና ብርጭቆ ብርጭቋቸውን ማየት ጀመሩ። ሳቁን እችለው ነበር።

ተመረመርኩ። ነፃ ነኝ። ነገርኳቸው፤ «እንዲያ ነው እንጂ» አሉ፣ ልጅ እንደሚያባብሉ። ማን ነው አለብኝ የሚል?

አንድ ጠዋት የደሴው ሽማግሌ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሻያቸውን አቀረብኩ። አልነኩትም። እስኪቀዘቅዝ አዩት፣ ከዚያ ተነሱና ባርኔጣቸውን አነሱ። «እግዚአብሔር ይማርሽ፣ ልጄ» አሉኝ፤ ከልባቸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገዱን ተሻግረው ካለው ቤት መብላት ጀመሩ፤ ተሳፋሪዎቻቸውም ተከትለዋቸው። ሌሎቹ ሹፌሮችም ተራ በተራ ተሻገሩ። እናቴ የፉሉን ድስት እስከ ቀትር አሙቃ አሙቃ ትደፋዋለች። የጸሎት ቤት እህቶች መጡና እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ጸለዩ። ለምን እንደሚጸልዩ አልጠየቅኋቸውም።

እናቴ ሳህን እያጠበች ነው የተናገረችኝ። የምታጥበው ሳህን ንጹሕ ነበር፣ ማንም አልበላበትም።

«ሳይክሉን ተዪልኝ።»

«ስኳሬስ፣ እማዬ?»

«ስኳር ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው። ይሄ ወሬ ግን ዛሬውኑ ነው የሚገድለን።»

«አባዬን ረሳሽው?»

«አልረሳሁትም!» ቀና ብላ አላየችኝም። «ታናናሾችሽ ትናንት ምን በልተው እንደተኙ ታውቂያለሽ? ወፈር በይልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።»

መጀመሪያ ላታልላቸው ሞከርኩ። ከቀሚሴ ሥር ሁለት ጉርድና የአባቴን ሹራብ ደርቤ ሻይ አቀርባለሁ፣ በላብ እጠመቃለሁ። እናቴ አንድ ቀን ቆማ አየችኝና «ፊትሽንስ ምን ታለብሺዋለሽ?» አለችኝ።

ስለዚህ ቀለበችኝ። ሰዉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ በሽታው ያለበት ሰው ምግብ አይገባለትም። እናቴ በሩ አጠገብ፣ ሽማግሌው ይቀመጡበት በነበረው ቦታ፣ መንገዱን ፊት ለፊት እንዳይ አድርጋ ታስቀምጠኛለች። አውቶቡሶቹ ሲሰለፉ ጨጨብሳውን በቅቤ አርሳ፣ ማር አፍስሳበት ታመጣለች። እንብላ የምለው ሰው የለም፣ የምበላው ብቻዬን ነው። ሹፌሮቹ ከማዶ ያያሉ። እሷ ደግሞ ቆማ ታጎርሰኛለች። «ብዪ፣ እያዩ ነው» ትለኛለች በሹክሹክታ። ከዚያ ጮክ ብላ «ኧረ ይቺ ልጅ ጨረሰችኝ!» ትላለች፣ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ። በላሁ። ሳይክሉ ጓሮ ቆሞ ልብስ ይሰጣበት ጀመር። ሲስተሯ ጋ መሄድ ተውኩ። ምን ብዬ?

ውፍረቱ ከነጓዙ ተመለሰ። ሹፌሮቹም ተመለሱ። ሽማግሌው ቦታቸው ላይ ተቀምጠው ሻያቸውን ጭልጥ አድርገው ጠጡ። «ተመስገን! ታፔላችን ተመለሰች!»

«ማርያም ናታ» አለ ያ ረዳት። «ጴንጤዋን እንኳ አላለፈቻትም!»

ይሄንን አልጠበቅሁም። ዳነች ተባልኩ። እናቴ ማድ ቤት ሆና ሰማች። ስለ ሃይማኖቷ ከማንም ጋር ስትከራከር የምትውል ሴት፣ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ቤቱ ሞልቶ ነበር።

እንዲህ እንዳለን ዓመታት አለፉ። ታናናሾቼ ተማሩ። እኔም ታፔላ ሆኜ ቀጠልኩ። ውሃ ጥሙ ተመልሷል፣ እግሬን ማታ ማታ ይወረኛል፣ ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ጠዋት አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት ከኮተቤ መጡ። ቁርስ አላዘዙም። እኔን ፈልገው ነው።

«ልጄ ታማብኛለች» አሉኝ በቀስታ። «እንዳንቺ ነው የሆነችው፣ አጥንቷ ቀረ። አንቺን ማርያም እንደማረችሽ ሰምቼ ነው የመጣሁት። እንዴት አድርገሽ ነው ጠበሉ የገባሽው? በጾም ነው? ስንት ጊዜ ተጠመቅሽ?»

«እናቴ፣ እኔ በሽታው አልነበረብኝም። ሳይክል እየነዳሁ ነው የከሳሁት፣ ስበላ ደግሞ ወፈርኩ። ጠበሉ ውስጥ አንድም ቀን አልገባሁም።»

ዓይኖቻቸው እንባ ሞሉ። «እንዳትናገሪ ተብለሽ ነው?»

«አይደለም! ልጅዎን ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። መድኃኒት አለው፣ በነፃ ነው የሚሰጡት። ጠበልም ከፈለጉ ይውሰዷት፣ መድኃኒቱን ግን እንዳታቋርጥ።»

አላመኑኝም፣ ፊታቸው ላይ ይታያል። ብቻቸውን መልቀቅ አቃተኝና እስከ ታክሲው ልሸኛቸው ወጣሁ። ጤና ጣቢያው የት እንደሆነ፣ ሲስተሯ ምን እንደምትመስል እየነገርኳቸው አስፋልቱን ተሻገርን። አንድ ሁለቴ ወደ ኋላ ዞር ዞር ሲሉ አየኋቸው። ከዚያ ቆሙ።

«ልጄ፣ ጫማሽ።»

ቀኝ ጫማዬ አስፋልቱ መሀል ቀርቷል። የቆምኩት ጠጠር ላይ ነው፣ በባዶ እግሬ። ሴትዮዋ መኪና አሳልፈው ተመልሰው አነሱልኝ፣ አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው እግሬ ሥር አስቀመጡልኝ። ጫማውን ላደርግ ጎንበስ ብዬ እግሬን አየሁት።

ታክሲው ሲሄድ በቀጥታ ወደ ጓሮ ገባሁ። ከሳይክሉ ላይ ልብሱን አንስቼ ገመድ ላይ ጣልኩት። ባትሪው አብጧል፣ ለረጅም ጊዜ አልተነካም፤ ነቅዬ ማድ ቤቱ ደጅ አስቀመጥኩት። ጎማውን ነፋሁ። ከጓሮ መውጫው በጠረጴዛዎቹ መሀል ስለሆነ እየገፋሁ በዚያው አለፍኩ፣ ሰዎች ወንበር እየሳቡልኝ። እናቴ የጨጨብሳዬን ሳህን ይዛ በሩ ላይ ነበረች።

«ወዴት ነው?»

«እንጦጦ።»

ሽማግሌው ብርጭቋቸውን ከአፋቸው አወረዱ። እናቴ ሳህኑን እንደያዘች ሹፌሮቹን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ከበሩ ዞር አለችልኝ። ሳህኑን ግን አላስቀመጠችም።

መንገዱ ላይ ወጥቼ ኮርቻው ላይ ተቀመጥኩ። ግራ እግሬ ፔዳሉን አገኘው። ቀኙ መድረስ አለመድረሱን ለማወቅ ግን ጎንበስ ብዬ ማየት ነበረብኝ። አየሁና ረገጥኩ።