በእህቴ ክንድ ላይ ያልታየው

እኔና እህቴ የአንድ እናት ልጆች ነን፤ እሷ ጥቁር፣ እኔ ቀይ። ልጆች ሳለን ስንቧጨቅ ሁልጊዜ ቁጣው የሚወርደው እሷ ላይ ነበር፤ የእኔ ክንድ ወዲያው ይቀላና በማግስቱ ይበልዛል፣ የእሷ ግን ያው ነው። እናታችን "አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽና ታለቅሻለሽ?" ብላ ታልፋታለች። እኔ ግን ከእሷ ጋር አንድ መደብ ላይ እተኛ ስለነበር አውቃለሁ፤ የእሷ ጉዳት በዓይን አይታይም፣ በእጅ ነው የሚታወቀው። የተመታው ቦታ ይጠነክራል፣ ይግላል።

ባለፈው ዓመት ባሏ በዱላ ደብድቧት እናታችን ቤት ሸሽታ ገባች። እኔ ንፋስ መውጫ ከተማ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሲደወልልኝ የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ እናታችን ወደምትኖርበት ወደ አርብ ገበያ ከተማ ወረድኩ። ግራ ክንዷን ማንሳት አቅቷት አገኘኋት። ስዳስሰው ከትከሻዋ እስከ ክርኗ አብጦ ይፋጃል። በማግስቱ እሑድ ሽማግሌዎች ጉዳዩን ሊያዩት ነው። እሷ የፈለገችው "አትመለሽም" እንዲሏት ብቻ ነበር፤ ሕፃን ልጇ ባሏ ቤት ቀርቷል፣ ሽማግሌ ካልፈረደላት ደግሞ አይሰጣትም።

እናታችን ስቃይዋን ዝም ብላ ማየት አልቻለችም። ማምሻውን ጨው በጨርቅ ቋጥራ እያሞቀች ተኮሰቻት፤ ጠዋት ደግሞ በለጋ ቅቤ አሸችላት። እብጠቱ ጎደለ። ሦስታችንም ደስ አለን፣ ሞኞች።

ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹና የነፍስ አባታችን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከግራሩ ሥር ተቀመጡ። ባልየው "ገፋ አድርጌያታለሁ፣ አልዋሽም" አለ። እጅጌሽን ሰብስቢ አሏት። ክንዷ ከነቅቤው ፀሐይ ላይ አብረቀረቀ።

አንደኛው ሽማግሌ አጎንብሰው ፈለጉ፤ ከልባቸው ነው የፈለጉት። "የታለ ሰንበሩ? ወዟ እኮ ያምራል። ይቺ ቤቷ የደላት ናት።"

"አባቴ፣ ይዳስሱት፤ ያተኩሳል" አልኳቸው።

"የሰው ሚስት እንዴት ብዬ ልዳስስ፣ ልጄ?"

ወደ ነፍስ አባታችን ዞርኩ። "አባ፣ እርስዎስ?" መሬት መሬት አዩ። እኔ ዳስሼ ብመሰክር ማን ያምነኛል? እህቷ ነኝ። እናታችን ቅቤ የነካ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ ታለቅሳለች።

እነዚሁ ሽማግሌዎች ከዚያ በፊት ለአንዲት ቀይ ጎረቤታችን ፈርደውላታል፤ የበለዘ ጉንጯን ከሩቅ አይተው። ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ እሰድባቸውና ይቀለኝ ነበር።

ባሏን ሁለተኛ እጁን እንዳያነሳባት አስማሉት፣ እሷንም ወደ ቤትሽ ግቢ አሏት። ልትሄድ ስትል ክንዴን ያዘችኝ። አጥብቃ ጨመቀችኝና አለቅም አለች። ባሏ "እንሂድ" ሲላት ለቀቀችኝ።

በመልሱ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት ክንዴን ሲያዩ ደነገጡ። የእህቴ ጣቶች አንድ በአንድ ቀልተው ወጥተዋል።

"ውይ ልጄ፣ ማነው እንዲህ ያደረገሽ?"

"ማንም" አልኳቸው። አላመኑኝም፤ ንፋስ መውጫ እስክንገባ ድረስ ሲያዝኑልኝ መጡ።