ለኔሪዳ የተዘፈነ የሰርግ ዜማ

ኔሪዳ ፎክነርን ባሰብኩ ቁጥር ፊቴ ድቅን የሚለው እስከ አገጯ የተቆለፈ ሸሚዟ ነው። ያውም በሲድኒ በጋ፣ መስኮት በማይከፈትበት ክፍል! አዲሱ የሒሳብ መኪናችን ቁጥር የሚያስታውሰው ባዜቃ በሚባል ፈሳሽ ብረት በተሞሉ ቱቦዎች ነበር፤ ባዜቃው ደግሞ ሙቀቱ ከተለዋወጠበት የያዘውን ይስታል። ስለዚህ መስኮቱም በሩም ዝግ ነው። በዚያ ላይ እንደ ሬዲዮ አምፖል የሚግሉ የመኪናው የብርጭቆ ቱቦዎች በየመደርደሪያው ይነዳሉ።

«አንቺ፣ አንዷን ቁልፍ እንኳ ፍቺያት፤ ልትቀቀዪ ነው» እላታለሁ።

«ተቀቅዬ ብበላ ይሻለኛል» ትለኛለች።

ከሸሚዙ ሥር በክር ያንጠለጠለችው የጋብቻ ቀለበት ነበር። የትራም ትኬት ቆራጩን ክላሪ ዱጋንን አግብታለች። በመንግሥት ሥራ ያለች ሴት ደግሞ ካገባች ትሰናበታለች፤ ደንቡ ይኸው ነው። ኔሪዳ እንደ እኔው የጠረጴዛ ማስሊያ እጀታ ስታዞር የኖረች ናት። ለመኪናው የሚሰጠውን ትእዛዝ በወረቀት ጥብጣብ ላይ መብሳት ከተማረች ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆናለች። እንዲህ ያለ መኪና በአገሩ ሌላ የለም። እናም ትዳሯ እንዳይታወቅ ማታ ማታ እናቷ ቤት ታድራለች፤ ከባሏ ጋር የምትገናኘው እሑድ እሑድ፣ እንደ ሌባ ተደብቃ ነው።

«እስከ መቼ?» አልኳት።

«እስኪነቃብኝ። ክላሪ ‹ከእኔና ከብረቱ ምረጪ› ይላል። እኔ ሁለቱንም ነው የምፈልገው፤ ጥጋብ ነው?»

መኪናው ሲሠራ በድምፅ ማጉያ ይንጫጫል፤ ስሌቱ መሳሳቱን የምናውቀው ጫጫታውን ሰምተን ነው። መሐንዲሶቹ ያንን ጩኸት ዜማ ማስወጣት ስለለመዱ፣ የደስታ ቀን ላለው ሁሉ ማዘፈን የክፍላችን ወግ ሆኖ ነበር።

አንድ ቀን ለሻይ ተሰብስበን፣ ኃላፊያችን ሚስተር ፔዘርብሪጅም ባሉበት፣ መሐንዲሱ ሎውሪ ለመኪናው ጥብጣብ አጎረሰው። የሰርግ ዜማ ተንቆረቆረ።

«ለወይዘሮ ዱጋን!» አለ ሎውሪ። «እሑድ በባሕሩ ዳርቻ ቀለበትሽን አድርገሽ ከባልሽ፣ ከትራሙ ዱጋን ጋር አየኋችሁ እኮ! ምነው ደበቅሽን?»

ክፋት አልነበረበትም። ወንዶቹ ሲያገቡ ኬክ ይቆረስላቸዋል፤ ደንቡ ትዝም አላለው።

ማንም አላጨበጨበም። ዜማው አለቀ ስንል ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ሎውሪ የማቆሚያውን ትእዛዝ ዘንግቶት ነበር።

«አቁመው እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!» አሉ ፔዘርብሪጅ።

ሎውሪ ደንግጦ ደርቆ ቀረ። ተነሥታ ያቆመችው ኔሪዳ ናት።

«እውነት ነው እንዴ፣ ሚስ ፎክነር?» አሉ ፔዘርብሪጅ።

«ወይዘሮ ዱጋን ነኝ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲህ ደንቡን ያውቁታል። አዝናለሁ።»

«የጀመርኩትን የዝናብ ስሌት ልጨርስ?»

«ሎውሪ ይጨርሰዋል።»

ከወር በኋላ ልጠይቃት ማሪክቪል ሰፈር፣ ከክላሪ ጋር ወደምትኖርበት ቤት ሄድኩ። ድንች እየላጠች ነበር።

«ስሌቱ ወጣ?» አለችኝ ገና ሳልቀመጥ።

«ወጣ።»

«የእኔ ጥብጣብ ስሕተት ነበረበት?»

«አልነበረበትም።»

ክላሪ ከጓሮ ተጣራ። «ኔሪ፣ ምሳው አልደረሰም?»

«መጣሁ» አለች። ግን ከወንበሯ አልተነሣችም።

«እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለችኝ፤ «መኪናው ስሌቱን ሲሠራ ምን ዓይነት ድምፅ አሰማ?»