የባንተአምላክ መልክ

ያምሮት ፍኖተ ሰላም ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ታናሽ ወንድሟ ባንተአምላክ የቀን ሥራ ፍለጋ እንደወጣ ደብዛው ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆነው። ሽንዲ አጠገብ ገጠር የሚኖሩት እናታቸው ወይዘሮ ደስታነሽ አንዲት ፎቶውን በሣጥን አስቀምጠው ነበር። ባለፈው ክረምት ጣሪያው አፈሰሰና ፎቶው ከልብስ ጋር ተጣብቆ ተላጠ።

«ልጄ፣ መልኩ እየጠፋብኝ ነው» አሏት በስልክ።

ያምሮት ለገና ምን ይዛላቸው እንደምትሄድ ያን ዕለት ወሰነች። ታኅሣሥ ላይ አንድ ቅዳሜ በሚኒባስ ቡሬ ወርዳ የሰዓሊውን የጋሽ አድማሴን ቤት አፈላልጋ አገኘች። ጋሽ አድማሴ ለአድባራት ቅዱሳንን ይሥላሉ፤ ሲተርፋቸው ደግሞ የአገሩን ገበሬ በሸራ ላይ ያስቀራሉ።

«ፎቶ አለሽ?»

«የለኝም። እኔ ልንገርዎትና ይሣሉልኝ።»

ግንባሩ ሰፊ ነው አለች። ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። በሳምንቱ ስትመለስ ሸራው ላይ አንድ ቆንጆ ጎልማሳ ጠበቃት። እሱ አልነበረም። ሌላ ሣሉ፤ ያም አልሆነም። በሦስተኛው ቅዳሜ ሰዓሊው ከሰላቸውን ይዘው፣ «ዓይኑስ? ጎድጎድ ያለ ነው ወይስ ወጣ ያለ?» ሲሉ ጠየቋት።

ያምሮት ልታስታውሰው ዓይኗን ጨፈነች። የመጣላት ግን ወንድሟ ሳይሆን ሸራው ላይ ያለው ሰው ነበር።

«ያጥፉልኝ» አለች። «እባክዎ ያጥፉት። የቀረኝንም እየወሰደብኝ ነው።»

ጋሽ አድማሴ ሸራውን ወደ ግድግዳ አዞሩት።

ለገና አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ያምሮት ባዶ እጇን ወደ እናቷ መሄድ አልቻለችም። በክፍሉ የተደረደሩትን ሥዕሎች አንድ በአንድ ስታይ፣ ጥግ ላይ አንድ ወጣት ጀርባውን ሰጥቶ በመንሽ እህል ሲያዘራ አየች። ቀኝ ትከሻው ዝቅ ያለ ነው፤ እንደ ባንተአምላክ።

«ይሄ ማነው?»

«ማንኩሳ አጠገብ አውድማ ላይ ያየሁት ልጅ ነው። አሥር ዓመት ያልፈዋል፤ ስሙንም አልጠየቅሁት።»

«እሱን እወስዳለሁ።»

የገና ዕለት እናትየው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ያምሮት ሥዕሉን ከተጠቀለለበት ጋቢ አውጥታ ሰጠቻቸው። ወይዘሮ ደስታነሽ ዝቅ ያለውን ትከሻ በጣታቸው ዳሰሱት።

«እሱ ነው» አሉ። ቆየት ብለውም፣ «ፊቱን ግን ለምን አዞረብኝ?»

ያምሮት እውነቱን ልትናገር ፈለገች፤ አልሆነላትም።

«ነፋስ ስለሆነ ነው፣ እማ። ገለባው ዓይኑ ውስጥ እንዳይገባ ነው።»

እናትየው አመኗት። ጎረቤት ለበዓሉ ሲሰበሰብ፣ «ባንተአምላክ ነው» እያሉ አሳዩ። ከጎረቤት አንዱም «አይደለም» አላለም። ያምሮት ጓሮ ወጥታ ዓይኗን ጨፍና የወንድሟን ፊት ፈለገችው። ደጋግማ ብትሞክርም የሚመጣላት ያ የማታውቀው ቆንጆ ሰው ነበር።

በማግስቱ ልትሄድ ስትል እናቷ እስከ መንገዱ ሸኟት።

«ሰዓሊውን ለፋሲካ ፊቱን ወደ እኔ አዙረው ይሣሉልኝ በያቸው፤ ልጄን አንድ ጊዜ ልየው።»

«እሺ» አለች ያምሮት።