ሰው ፊት መቆም ያስተማርኳት ልጅ

ኮሮና ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት፣ አርብ ከሰዓት፣ ዶሃ፣ ናጅማ ሰፈር በተከራየናት ክፍል ውስጥ ፖሊሶች ያዙን። አገር ቤት የመምህራን አሰልጣኝ ነበርኩ። እዚያ ደግሞ ለአዲስ መጤ የቤት ሠራተኞች ዐረብኛና መብታቸውን የሚያስተምሩ ልጆችን ሰው ፊት መቆም፣ መናገርና መምራት አስተምር ነበር። የያዙን ሰዎች “አድማ ነው” አሉን። እኔ ጫማዬን አውልቄ መተኛት ብቻ ነበር ያማረኝ።

የእስር ክፍሉ በረኪና ይሸታል፤ ኤሲው አጥንት ይሰብራል። አብራን የተያዘች ስኳር ያለባት ትልቅ ሴት ነበረች፤ መርፌዋን ከነቦርሳዋ ወስደውባታል። በማግስቱ ረፋድ ላይ ማስመለስ ጀመረች፤ ውሃ ጠጥታ አትረካም።

የእኔ ዐረብኛ ከኩሽና አያልፍም። አል ገራፋ ሰፈር አንዲት ማዳም ቤት የምትሠራ አንዷ ሠልጣኜ ግን ዐረብኛዋ ማር ነው፤ ዓይን አፋርነቷ ግን አይጣል! ጠባቂዋ ስትመጣ ልጅቷን ንገሪያት ብዬ ገፋኋት። እሷም እንደ ጨዋ ልጅ አንገቷን ደፋች፤ አፏን በሻሿ ከልላ በቀስታ ተናገረች።

“ምን ትደብቂያለሽ? ውሸታም!” ብላ ጠባቂዋ በሩን ዘጋችባት።

“ቲቸር፣ እኔ አልችልም፤ እርስዎ ይሞክሩ” አለችኝ እያለቀሰች።

“እኔ ምን ልበላት? ሩዙ በሰለ ልበላት?” አልኳት። መቆጣትም ደክሞኝ ነበር። “ስሚ ልጄ፣ እናትሽ ያስተማረችሽ አክብሮት እዚህ አይገባቸውም። ሻሽሽን አውርጂ፣ ዓይኗን እያየሽ ተናገሪ። ስትጮህ አትጩኺ፤ ጠብቂና ካቆምሽበት ቀጥይ።”

ጥግ ይዘን ተለማመድን፤ እኔ ጠባቂዋን ሆኜ እጮህባታለሁ። ታማሚዋ ከተኛችበት “በርቺ የኔ ልጅ” አለቻት።

ምሳ ሲመጣ ልጅቷ ተነሳች።

“ያላ፣ ወደ ኋላ!” አለች ጠባቂዋ። ልጅቷ ጠበቀች። “ኸላስ፣ በቃ አልኩ!” አሁንም ጠበቀች። ዓይን ዓይኗን እያየች፣ “ይህች ሴት መርፌዋን ካላገኘች ትሞታለች። ቦርሳዋ እናንተ ጋ ነው” አለቻት።

ጠባቂዋ አይታት ሄደች። መርፌው መጣ። እልል ማለት አማረኝ፤ አቅም አጣሁ።

ከሰዓት በኋላ አንድ መኮንን መጥቶ “መሪያቸው የትኛዋ ናት?” ብሎ ጠየቀ። ጠባቂዋ ልጅቷን ጠቆመችው። “እኔ ነኝ፣ እኔ!” ብዬ በተሰባበረ ዐረብኛዬ ጮህኩ፤ ማን ሰምቶኝ! ልጅቷ በሩ ላይ ቆም አለች። “የማታም መርፌ አለባት፤ እንዳትረሱ” አለችው። እሺ እስኪላት አልተንቀሳቀሰችም።

እኛን ቆይተው ለቀቁን። እሷን በአውሮፕላን አሳፍረው ወደ አገሯ ላኳት፤ ወንድሞቿን የምታስተምረው በዚያ ሥራዋ ደሞዝ ነበር።

ዛሬ አገር ቤት ተመልሼ መምህራን አሰለጥናለሁ። ከፊት ቁሙ ባልኳቸው ቁጥር እሷ ትታወሰኛለች። በቀደም፣ ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ደወለችልኝ። ድምፄን ሰምታ ማልቀሴ ገባት።

“ሴትዮዋ ተርፋለች?” አለችኝ።

“ተርፋለች።”

“ኸላስ! ታዲያ ምን ያስለቅስዎታል?”

“ደክሞኝ ነው ልጄ” አልኳት።