ከትራክተር ጀርባ የተበየደ አልጋ

ቀለም የተቀባ ብረት ሲበየድ የሚሸተውን ሽታ ታውቀዋለህ? ጉሮሮ ይከረክራል። ትናንት ጂንካ ገበያ ወርጄ በአንድ ብየዳ ቤት በር ሳልፍ ያ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሚስቴ "ምን ሆንክ?" ብትለኝ "ጭሱ ነው" አልኳት። ዓይኔን እየጠራረግኩ ተከተልኳት።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። መንደራችን ከካኮ ወዲያ ገባ ብሎ ነው ያለው፤ እኔ የገበሬ ማኅበራችን ትራክተር ሹፌር ነበርኩ። ከኔ ሌላ መሪ የጨበጠ ሰው በአካባቢው ስላልነበረ፣ ምን ልበልህ፣ መሬት አልበቃኝም። መኪና እኛ ጋ አይደርስም። ሰው ሲታመም ወንዶች ሁለት እንጨት ቆርጠው፣ ብርድ ልብስ ወጥረው፣ በቃሬዛ እስከ ጂንካ ሐኪም ቤት ይሸከሙታል። አራቱ ሲሸከሙ አራቱ ይከተላሉ፤ ሲደክማቸው ይቀያየራሉ። ቀይሩ የሚለው አባቴ ነበር። ምጥ የጠናባትን፣ እባብ የነደፈውን፣ ከዛፍ የወደቀውን፣ ስንቱን አድርሷል። ሲመለስ የተላጠ ትከሻውን ቅቤ የምቀባው እኔ ነበርኩ። እናቴ ካረፈች በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነበርን።

"ትራክተር እያለ ሰው በትከሻ ይሄዳል እንዴ?" አልኩት አንድ ቀን። ቤታችን የሚወራው በአሪኛ ነው፤ ላንተ ነው በአማርኛ የምነግርህ።

"ትራክተር ሰው አያውቅም" አለና ሳቀ።

እልህ ያዘኝ። ከወላይታ መጥቶ ካኮ ገበያ ዳር በጄኔሬተር ብየዳ የሚሠራ ወዳጅ ነበረኝ። አንድ የተጣለ የሽቦ አልጋና ከአሮጌ ማረሻ የተረፈ ብረት አገኘን። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ማረሻውን የሚያነሱት የኋላ ክንዶች አልጋውን ያንሱት፣ በሽተኛው ተዘርግቶ ይተኛ፣ በላዩ ሸራ ይወጠርለት። በመንደሩ ከአባቴ የሚረዝም ስላልነበረ በእሱ ቁመት እንዲሠራ ወሰንኩ። አባቴ ፀሐይ ላይ መሬት ተጋድሞ፣ በያጁ በሲባጎ ሲለካው "እግሬም ይግባ! በቃሬዛ የረጅም ሰው እግር ሁልጊዜ ውጭ ነው" ይላል፤ ደስ ብሎታል። አልጋው ከገመትነው በላይ ረዘመ። እንዳይታጠፍ ብዬ ብረቱንም አወፈርኩት።

"ወንድሜ፣ ይህ በዛ" አለኝ በያጁ። "ወደ ኋላ እንዲህ ከረዘመና ከከበደ የፊት ጎማህን ያነሳብሃል። መጀመሪያ ዳገት ላይ ሞክረው።"

"አንተ በይድ፣ መንዳቱን ለኔ ተው!"

የሞከርኩት ካኮ የገበያው ሜዳ ላይ ነው። የበቆሎ ጆንያ ጭኜ ሁለት ጊዜ ዞርኩ፤ ሰዉ አጨበጨበ። ሜዳው እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ነው። ይኼን ማሰብ አቅቶኝ ነው? አይደለም፤ ጭብጨባው ጥሞኝ ነው።

የዘር ዝናብ እንደገባ አባቴ ታመመ። ሆዱ ተነፋ፣ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍ የለውም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስምንት ወንዶች እንጨታቸውን ቆርጠው፣ ብርድ ልብስ ይዘው ደጃችን ቆሙ። እኔ ትራክተሩን አስነስቼ እያስጓራሁት ነው።

"ግቡ፣ ወደየቤታችሁ ግቡ! ትራክተሩ አለ። እናንተ ዘራችሁን ዝሩ።"

የአባቴ የልብ ጓደኛ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ጠጋ አሉኝ። "ልጄ፣ ባዶ እጃችንንም ቢሆን እንከተላችሁ።"

"አባባ፣ ትራክተር በእግር ልትከተሉ ነው?" ብዬ ሳቅሁባቸው። ሳቅሁባቸው! ያኔ ያቺን ሳቅ አፌ ውስጥ ባስቀራት ኖሮ ምናልባት... ተወው። ሰዎቹ እንጨታቸውን እንደያዙ ተበተኑ።

ዋናው መንገድ ላይ ከመድረሳችን በፊት አንድ ቀይ አፈር ዳገት አለ። አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘን ግማሹ ላይ ስንደርስ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተነሡ። መሪውን ባዞር ባዞር ወዴት ይዙር! ትራክተሩ በጎኑ ተንሸራቶ ቦዩ ውስጥ ገባ፣ የኋላ ጎማው እስከ ግማሹ ሰመጠ፣ ሞተሩ ጠፋ። አስነሣሁት፣ ጠፋ። ከዚያ በኋላ እንቢ አለ። አልጋው ጭቃው ላይ ተቀምጧል። ዝናቡ ሸራውን ይደበድበዋል።

ላዝለው ሞከርኩ። ሆዱ ጀርባዬን ሲነካ የጮኸውን ጩኸት አልነግርህም። መልሼ አስተኛሁት። ሮጬ ሰው ልጥራ ብዬ ስነሣ እጄን ያዘ።

"ብቻዬን አትተወኝ።"

ብሄድ ብቻውን ነው፤ ብቀመጥ ማን ይመጣል? እንደ እብድ "የሰው ያለህ!" እያልኩ ጮህኩ። በዚያ ዝናብ ማን ይሰማል። እግሩን በእጄ እያሸሁ አጠገቡ ተንበረከክሁ።

ብዙ ቆይቶ "ሰዎቹ የት አሉ?" አለኝ።

ሰዎቹን እንደመለስኳቸው አላወቀም ለካ።

"ከኋላ ናቸው አባዬ፤ እየመጡ ነው።"

"እንግዲያው እንጠብቃቸው" አለ። ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱ ትንሽ ለቀቅ አለ፤ ስላመነኝ ነው። እጁ እጄ ውስጥ እያለ ቀስ በቀስ በረደ፤ እኔ ዝናቡ ነው እያልኩ አሸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ መጡ። ለካ ሽማግሌው ደጃቸው ቆመው ከሸለቆው ማዶ የሚመጣውን የሞተሩን ድምፅ ሲያዳምጡ ነበር፤ ዳገቱ ላይ ሲጠፋባቸው ሰዎቹን ከየእርሻቸው ሰብስበው ነው የመጡት። አይተው የቃሬዛውን እንጨት መሬት አኖሩ። አንዱ ባርኔጣውን አውልቆ ጸለየ። ማንም አልተቆጣኝም። አንድ ሰው እንኳ "አላልንህም?" ቢለኝ እንዴት በወደድኩ!

በቃሬዛ ስናነሣው የፊተኛውን እንጨት ለኔ ሰጡኝ። ሽማግሌው ከጎኔ እየተራመዱ ነበር።

"ጠብቆን ነበር?" አሉኝ።

"አዎ አባባ። ሲጠብቃችሁ ነበር።"

ጉልበታቸው ድረስ ጭቃ ነበሩ፤ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል።

"ሮጠናል ልጄ" አሉኝ። "እግዚአብሔር ያውቃል፣ ሮጠናል። ይቅር በለን፣ ጭቃው ነው የያዘን።"