ከኋላ ጎማ ሥር የቀረው ድንጋይ

አለምነው ተንበርክኮ ሲባጎውን ከአንዱ ብረት ጥግ ወደ ማዶኛው ጥግ ወጠረ። በአውራ ጣቱ ጥፍር ያዘና ምልክት አደረገ። ከዚያ ሌሎቹን ሁለት ጥጎች እንዲሁ ለካ። ልኩ እኩል ከመጣ ሻንሲው፣ ማለት የመኪናው አፅም፣ አልተጣመመም። ትንሽ ከተዛነፈ ብየዳውን ቆርጦ እንደገና ይጀምራል። እስከዚያ ቀን ድረስ ሦስት ጊዜ ቆርጦታል።

መካነ ሰላም ውስጥ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ሰው ነው። አባቱ ወግዲ በኩል ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጡ ነበር። የእሱን በሮች የገጠር ሰው ይወዳቸዋል፤ ችግሩ ማድረሱ ነው። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ሲጫኑ ይጣመማሉ፤ የጭነት መኪናዎቹም ለአራት በር ብለው አይነሱለትም። ስለዚህ ከተገለበጠች አሮጌ ፒካፕ ሞተሩን፣ ጎማዎቹንና የኋላ እግሯን፣ ማለት ሁለቱን ጎማ የሚያያይዘውን ብረት፣ ገዝቶ፣ ሻንሲውን ራሱ ከወፍራም የቱቦላሬ ብረት ሊሠራ ተነሣ። የእኔ ጓዳና የእሱ ግቢ በአንድ አጥር ስለሚዋሰኑ የመዶሻውን ድምፅ ቀኑን ሙሉ እሰማ ነበር።

መካኒክ ሳያስጠጋ ነው የሚሠራው። መካኒክ አጥቶ አይደለም። ከማሉዲን የሚባለው መካኒክ ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊቱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አብረው ሠርተዋል፤ በጾም በፍስኩ ተጠባብቀው ነበር የሚበሉት። ታዲያ አንድ ቀን አለምነው ለዚያው ቤት የሠራው በር አልገጥም ሲል ከማሉዲን ደንበኞች ፊት፣ "የቀጥቃጭ ልጅ መቼ መለኪያ ያውቃል!" ብሎ ሳቀ። አለምነው በእጁ የነበረውን መዶሻ ወረወረበት። የከማሉዲን ግራ እጅ ሁለት ጣቶች ከዚያ ወዲህ አይታጠፉም።

ሸህ አሕመድኑርና ሌሎች ሽማግሌዎች ተቀምጠው ፈረዱ። ከማሉዲን ስለ አፉ ይቅርታ ይጠይቅ፤ አለምነው ስለ እጁ ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ ደጁ ድረስ ይሂድ። ከማሉዲን እዚያው ተነሥቶ፣ "አፉ በለኝ" አለ። የአለምነው ተራ ሲደርስ "ነገ" አለ።

ሚስቱ ይርገዱ ድንጋዩን ከወንዝ አምጥታ፣ አጥባ፣ ደጁ ላይ አስቀመጠችለት።

"ይኸው፣ አንገት የማይበላ ልስልሱን መርጬልሃለሁ። ዛሬ ሂድ።"

"ነገ።"

"ነገህ ሁለት ፋሲካ በላ እኮ!"

ወደ ሻንሲው ተመለሰ። ግቢው ወደ መንገዱ ያዘቀዝቃል፤ ሻንሲው ጎማ ሲገባለት እየተንሸራተተ አስቸገረው። ዞር ብሎ አየ፤ ያንኑ ድንጋይ አነሣና የኋላ ጎማው ሥር ሸጎጠው።

ከዚያ በጊዜያዊ ማሰሪያ ይዞት የነበረውን ባሌስትራ ለዘለቄታው ማሰር ጀመረ። ባሌስትራ የሚባለው የተደራረበው ቅስት ብረት ነው፤ ጭነቱን ተሸክሞ የሚለጠጠው እሱ ነው። አለምነው ብረቱን ራሱን እሳት አላስነካውም። እሳት የገባው ባሌስትራ ለማረሻ እንጂ ለመለጠጥ እንደማይሆን ከአባቱ ያውቃል። የፊቱንም የኋላውንም ጫፍ ግን ሻንሲው ላይ በተበየደ ብረት ጥርቅም አድርጎ አሰራቸው። በር ሠሪ ነው፤ የሚወዛወዝ ነገር ሁሉ ጥፋት ይመስለዋል።

ከማሉዲን ከማዶ ሲያይ ቆይቶ መንገዱን ተሻግሮ አጥሩ ጋ ቆመ። በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ቃሉ ነበር።

"አንተ!" አለ። ስሙን አልጠራም። "የኋላውን ጫፍ ለምን ጠረቀምኸው? ባሌስትራ ሲጫን ይረዝማል። ወዴት ይሂድልህ?"

"አጥር ላይ ይንጠልጠል፤ እንዳንዳንዱ ሰው።"

"ወላሂ ቁልቁለቱ ላይ ትበጠሳለች!"

"ምኞትህ ነው።"

"ምኞቴማ ቢሆን ዝም እልህ ነበር።"

አለምነው ያን ጊዜ ቀና አለ። "ጣትህን ቁጠርና ወደ ቤትህ ግባ" አለው።

ከማሉዲን ግራ እጁን ኪሱ ከተተና ሄደ። ይርገዱ የሰማችውን ማመን አቅቷት አፏን በነጠላዋ ያዘች። አለምነው መበየጃውን አነሣና በዚያው በኋላው ጫፍ ላይ ሌላ ብየዳ ደረበበት።

ቅዳሜ፣ ገበያው ሞቅ ሲል፣ ስድስት በር ጭኖ ወጣ። ሞተሩ አላሳፈረውም። መናኸሪያውን አልፎ እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ሰው እያጨበጨበለት ሄደ። መኪናዋ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ጮኸች፤ ሁለተኛው ላይ የኋላው ማሰሪያ ከሻንሲው ቁራጭ ገንጥሎ ወጣ። የኋላ እግሯ ወደ ጎን ዞረ፣ ጎማው ጭነቱን ነክሶ ቆመ። መንገዱ ተዘጋ። ከኋላ የደረሰው ሾፌር ጥሩምባውን አልለቅ አለ።

"ኧረ ይቺን ቁም ሳጥን አንሡልን!"

"አለምነው፣ በር ይሠራል ሲሉን አጥር ሠራህሳ!" አለ አንድ ገበያተኛ።

በሮቹን ሰው ተሸከመለት። መኪናዋን አንድ የጭነት መኪና በገመድ ጎትቶ በከማሉዲን ጋራዥ ፊት አሳለፋት። አለምነው መሪውን ይዞ፣ ሳቁን እየጠበቀ፣ ወደ ማዶ አየ። ከማሉዲን አልሳቀም። የቆርቆሮ በሩን ስቦ ዘጋ። አለምነው በገዛ እጁ የሠራው በር ነበር፤ ያኔ አልገጥም ያለው፤ አሁን ግን ገጠመ።

ሰኞ የተቀደደውን ሻንሲ አጣፈና የባሌስትራውን የኋላ ጫፍ ፈታው። ሁለት አጫጭር ጠፍጣፋ ብረት ቆርጦ፣ ከላይ አንድ ከታች አንድ ብሎን አስገብቶ፣ ባሌስትራውን አንጠለጠለበት። ሲጫን ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሲራገፍ ይመለሳል። ዕድሜ ልኩን ለሰው በር ሲሠራው የኖረው ማጠፊያ ነው፤ ሌላ አይደለም። ሻንሲው ላይ ቆሞ ዘለለ። አልጮኸችም።

ሸህ አሕመድኑር ሲያልፉ ቆም ብለው አዩት።

"ሰውዬው እውነቱን ነበር የነገረህ?"

"እውነቱን ነው፣ ሸህ።"

"ታዲያስ?"

"ነገ እሄዳለሁ። እርስዎ አያስቡ።"

"እኔማ አላስብ። የጣቱ ባለቤት ያስብ" ብለው ምርኩዛቸውን አንሥተው ሄዱ።

አሁን በገበያ ቀን ወግዲ ድረስ በር ያደርሳል፤ አንድም አልተጣመመበትም። ማለዳ ድንጋዩን በእግሩ ገፍቶ ከጎማው ሥር ያወጣዋል። ይርገዱ ደጁ ላይ ቆማ ታየዋለች።

"ስትመለስ?" ትለዋለች።

"ስመለስ" ይላታል።

ሲመለስ በከማሉዲን ደጅ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ያልፋል፤ ግቢ ይገባል፤ ድንጋዩን መልሶ ይሸጉጠዋል። ይርገዱ ለአንገቱ ብላ ያጠበችው ልስልስ ፊቱ በጎማና በዘይት ጠቁሯል።